አላገባም ያለችው ሙሽራ

በዚያን ጊዜ የምንኖረው ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ በአንዲት ጠባብ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ጣሪያችንን ዳብሶ የሚያልፍ ይመስላል። ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆ ከብርጭቆ ይጋጫል፣ እኔም ብዕሬን ከወረቀቱ ላይ አንሥቼ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ባለቤቴ ግን ማንበቧን አታቋርጥም። ድምጿን ከፍ አድርጋ ትቀጥላለች።

የምታነብልኝ የአንባቢዎችን ደብዳቤ ነው። እኔ ቀን ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት የጤና ትምህርት ፖስተር እሥላለሁ፤ እጅ ስለ መታጠብ፣ ውሃ ስለ ማፍላት። ከሥራ መልስ ደግሞ ለአንድ ወርኃዊ መጽሔት በሥዕል የሚነገር ታሪክ እሠራ ነበር። በሳጥን በሳጥን የተከፈለ አንድ ገጽ፣ ጥቁርና ነጭ። ታሪኩ የሁለት ጎረቤታሞች ነው። አንዷ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ባልቴት፣ ሌላው ጡረታ የወጣ ዘበኛ። ግቢያቸውን የሚለየው አንድ የተንጋደደ አጥር ነው። በየወሩ በአንድ ነገር ይጣላሉ። የእሷ ዶሮ የእሱን ጎመን በላች፤ የእሱ ሬዲዮ እሷን እንቅልፍ ነሣት፤ የስኳር ሰልፍ ላይ አንዱ አንዱን ቀደመ። ከዚህ ያለፈ ነገር አልነበረውም።

ይህን የመሰለ ትንሽ ነገር ሰው እንዲያ ይወደዋል ብዬ አላሰብኩም። ደብዳቤው በመጽሔቱ የፖስታ ሳጥን ይመጣል፤ አዘጋጁ በወሩ መጨረሻ በትልቅ ፖስታ አጭቆ ይሰጠኛል። ከጎሬ አንድ አስተማሪ ይጽፋል፤ ከአሰብ የወደብ ሠራተኞች በኅብረት ፈርመው ይጽፋሉ። አንድ ወር ቦታ ጠቦኝ ዶሮዋን ሳልሥላት ቀረሁ። "ዶሮዋ ምን ሆነች?" የሚል ደብዳቤ ጎረፈ።

"ታማ ነበር በላቸው" አለችኝ ባለቤቴ።

እንዳለችኝ ብዬ መለስኩ። በሚቀጥለው ወር አንድ የእንስሳት ሐኪም የዶሮ በሽታ መድኃኒት ከነአሰጣጡ ጽፎ ላከልኝ። ከዚያ ወዲህ ዶሮዋን አንድም ጊዜ ረስቻት አላውቅም።

ባለቤቴ ለመጨረሻ የምታስቀምጠው አንድ ደብዳቤ ነበር። ከናዝሬት የሚመጣው። ጸሐፊው በልጅነቴ ከጋዜጣ ላይ ሥዕላቸውን እየቆረጥኩ ግድግዳ ላይ የምለጥፈው አንጋፋ ሠዓሊ ናቸው። ሕመም ጆሯቸውን ወስዶባቸው ናዝሬት ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። ስልክ ስለማይሰሙ ከሰው ጋር የሚያወሩት በጽሑፍ ነው። መጽሔቱ በወጣ ቁጥር ይጽፉልኛል። ምስጋናቸው አንድ መስመር ነው፤ ወቀሳቸው ግን ገጽ ገልብጦ ይቀጥላል።

"አንተ ልጅ" አሉኝ አንድ ጊዜ፣ "ባልቴቷ እጅ የላትም ወይ? በነጠላ ትሸፍነዋለህ፤ ካልሆነም ከዘንቢሏ ጀርባ ትደብቀዋለህ። ዘበኛውን ደግሞ ዘወትር ኪሱ ውስጥ ታስከትተዋለህ። ሰው የሚኖረው በእጁ ነው። በመጨረሻው ሳጥን ላይ ደግሞ መስመርህ ተንቀጥቅጧል። አውሮፕላን ነው ወይስ ጠጅ?"

ባለቤቴ ሳቋ አላስጨርስ አላት። "አውሮፕላን ነው ብለህ ጻፍላቸው። ምስክሩ እኔ ነኝ።"

ስለ መስመሩ መልስ ነበረኝ፤ ስለ እጁ ግን አልነበረኝም። እጅ መሣል አይሆንልኝም። ፖስተሮቹ ላይ ያለው እጅ ከመጽሐፍ የተቀዳ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ንጹሕ እጅ ነው። የሚጣላ፣ የሚለምን፣ ሽንኩርት የሚልጥ እጅ ስሞክር ካሮት ይሆንብኛል። ስለዚህ እሸፍነዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ማንም ያስተዋለብኝ ሰው አልነበረም።

አንባቢዎች "ይጋቡ" ማለት የጀመሩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። መጀመሪያ ቀልድ ይመስል ነበር። "እንዲህ በየወሩ የሚጣላ ሰው ሳይዋደድ አይቀርም" አለ የጎሬው አስተማሪ። አሰቦች ስብሰባ ጠርተው፣ ድምፅ ሰጥተው፣ በሙሉ ድምፅ ጋብቻውን መደገፋቸውን አሳወቁኝ። ከዚያ ከሰሜን ግንባር አንድ ወታደር ጻፈልኝ።

"መጽሔቷ እኛ ዘንድ ስትደርስ ብዙ እጅ ዞራ ነው። ባለፈው ወር የመጨረሻው ሳጥን ተቀዶ ደረሰንና እያንዳንዳችን የየራሳችንን መጨረሻ አወራን። እስከ ማታ ተሟገትን። እባክህ ወንድሜ፣ እኒህን ሰዎች ዳራቸው። ሠርጉን እኛ እዚሁ እንጨፍራለን።"

ባለቤቴ አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን በቀስታ አጥፋ ከሌሎቹ ለየት አድርጋ አስቀመጠችው።

"በቃ፣ ዳራቸዋ" አለችኝ።

ዘበኛው ሽማግሌ ሲልክ የሚያሳይ ረቂቅ ሠርቼ ለአዘጋጁ ወሰድኩለት። አዘጋጁ ደግ ሰው ነበር። ግን እንደ ዘመኑ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ሥዕሉን ሳይሆን፣ ሌላ ሰው ከሥዕሉ ጀርባ አየሁ ሊል የሚችለውን ነው። በእስክሪብቶው ጫፍ ዘበኛውን ነካ አደረገው።

"ይህ ካፖርት ካኪ ነው?"

"ጓድ፣ መጽሔቱ እኮ ጥቁርና ነጭ ነው።"

"እሱማ ነው። ግን አንባቢው በሐሳቡ ምን ቀለም ይቀባዋል?"

"ሰማያዊ" አልኩት ቶሎ ብዬ።

አሰብ አደረገና "ሰማያዊ ከሆነስ ይሁን" አለ። "ሠርጉ ላይ ግን ድግስ አታብዛ። ሰው ስኳር ሰልፍ ላይ ቆሞ መጽሔት ሲገልጥ በሬ ሲጣል እንዳያይ።"

ተስማማን። ገጹ ወጣ። ሦስት ሽማግሌዎች ባልቴቷ ደጃፍ ላይ ቆመው ዘበኛውን ያሞግሳሉ፤ እሷ በሩን ገርበብ አድርጋ ታዳምጣለች። እሺ ማለቷን የተጠራጠረ ሰው አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

ከዚያ አንድ ቴምብር የሌለው ፖስታ መጣ። ሰው በእጁ ይዞ ለመጽሔቱ ቢሮ በር ጠባቂ ሰጥቶት የሄደ ነው። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ላይ፣ ትልልቅ ፊደላት አንዱ ከሌላው ራቅ ራቅ ብለው ቆመዋል። ባለቤቴ አነበበችው።

"ይድረስ ለሠዓሊው። አላገባም። ማን ጠየቀኝ? ከሾላ ገበያ፣ ሽንኩርት ተራ።"

"ቀልደኛ ተማሪ ነው" አልኩ።

ባለቤቴ ወረቀቱን ወደ አምፖሉ አስጠጋችው። "ተማሪ እንዲህ አይጽፍም። እርሳሱን እንዴት አድርጎ እንደተጫነው አየህ? ይህ በመሠረተ ትምህርት የተማረ ሰው ጽሑፍ ነው። እናቴም እንዲህ ነው የምትጽፈው።"

ቅዳሜ በሃያ ሁለት በኩል ውይይት ታክሲ ይዘን ሾላ ሄድን። ሽንኩርት ተራ እንደ ደረስን ባለቤቴ ክርኔን ያዘችኝ። እኔም አየሁና ቆምኩ። የሣልኳት ባልቴት ከነሕይወቷ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ሻሿን ከጆሮዋ በላይ ቋጥራ፣ ጉልበቶቿን ገጥማ፣ አገጯን ወደ ገዢ አንሥታ። ሴትዮዋን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ባልቴቷን ከአክስቴ ወስጄ የሣልኳት ነበር የሚመስለኝ።

"ይህን ሻሽ ከየት አመጣሁት?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ከኔ ነዋ" አለች ባለቤቴ። "ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ስለ ማን ነው የማወራህ? ሽንኩርት የምገዛው ከእሷ ነው።"

ቀረብ ብዬ "ደብዳቤውን የጻፉት እርስዎ ነዎት?" አልኳት።

ለደንበኛዋ ለባለቤቴ ራሷን ነቅንቃ፣ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። "አንተ ነህ እንዴ? እኔ ሸምገል ያለ ሰው መስሎኝ። ደግሞ እርስዎ አትበለኝ፤ በሥዕልህ ያረጀሁት ይበቃኛል።"

"እውነቴን ነው የምልሽ፣ አንቺን አልሣልኩም። ዛሬ ገና ማየቴ ነው።"

"ታዲያ ይህ ሁሉ ገበያተኛ እንኳን ደስ አለሽ የሚለኝ አብዶ ነው? ትናንት ቅቤ ተራዎች እልል አሉብኝ!"

ድምጿ ሲሰማ ከጎንና ከጎን ያሉት ነጋዴዎች ሳቁ። አንዷ እንደገና እልል አለች። ሴትዮዋ በእጇ ዝም አሰኝታቸው ከጆንያው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ መጽሔት አወጣች።

"ማንበብ የተማርኩት በቀበሌ የማታ ትምህርት ነው" አለችኝ። "ከመማሪያው መጽሐፍ ሌላ መጀመሪያ ያነበብኩት ይህን ያንተን ነው። ቃሉ ሲጠፋኝ ሥዕሉ ይነግረኛል። ግን ለምን ፊደሉን ምስር ታሳክለዋለህ?"

ገጹን ገልጣ፣ ጣቷን ከቃሉ ሥር እያስኬደች፣ ሽማግሌው የሚናገረውን ታነብልኝ ጀመር። አንዱን ፊደል ይዛ ቆማ፣ ሌላውን ጨምራ፣ ቃሉ ሲሞላላት ቀና ብላ እያየችኝ። ገዢ መጥቶ ቆሞ ጠበቃት። እኔ ብዙ ንግግር ለማጨቅ ስል ፊደል የማሳነስ ልማድ ነበረኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃሉን ቀነስኩ፣ ፊደሉን አሳደግኩ።

"እሺ፣ ለምንድን ነው የማታገቢው?" አለቻት ባለቤቴ።

"ሽማግሌዎቹ ያሉትን አልሰማሽም? 'ሽንኩርት መሸጥ ይቀርላታል፣ ቤቷ ቁጭ ትላለች' ነው የሚሉት። ማን ይቅርልኝ አለ? ባሌ ከሞተ ጀምሮ ልጆቼን ያሳደግኩት እዚህ ተቀምጬ ነው። ሰውየው ደግሞ ከመጣ ጀምሮ እጁን ከኪሱ አውጥቶ አያውቅም። እጁን ከኪሱ የማያወጣ ባል ለምኔ ነው?"

ባለቤቴ ፊቷን ወደ ቃሪያው ክምር አዞረች። ትከሻዋ ሲርገፈገፍ አያለሁ።

ማታውኑ ወደ ናዝሬት ሁሉንም ዘርዝሬ ጻፍኩ። መልሱ ፈጥኖ መጣ። "በዘመኔ ስንት ሴት በሥዕል ድሬያለሁ" ይላሉ አንጋፋው ሠዓሊ፣ "አንዷም ደብዳቤ ጽፋልኝ አታውቅም። ቀናሁብህ። አሁን እንቢ ትበል። ለገጹም ይሻልሃል፤ እሺ ያለች ሴት በአንድ ሳጥን ታልቃለች።"

በሚቀጥለው ወር ባልቴቷ ሽማግሌዎቹን እንቢ ብላ መለሰቻቸው። ያን ያህል ደብዳቤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ደርሶኝ አያውቅም። አሰቦች "ሰውየው ምን ጎደለው?" ብለው ተቆጡ። ሴቶች "ደግ አደረገች" ብለው ጻፉ። ከጅማ ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ጻፉልኝ፤ ባልየው ከላይ በሰማያዊ ቀለም ይከሰኛል፣ ሚስትየው ከታች በቀይ ለባልየው ትመልስለታለች። ወታደሩም ጻፈ። "እኛ ቸኩለን ነበር፤ እሷ ካላመነችበት ግን ትቆይ። እንጠብቃለን።"

ያን ክረምት ዘበኛውን ሰው ማድረግ ሥራዬ ሆነ። የባልቴቷ ጣሪያ ሲያፈስ ወጥቶ ይደፍናል፤ ጆንያዋን ታክሲ ድረስ ይሸከማል፤ አንድ ጊዜ ገበያ ላይ በእሷ ቦታ ተቀምጦ ሚዛን መያዝ አቅቶት ሰው ይስቅበታል። ይህ ሁሉ እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ሾላ መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ አካባቢ ነጋዴዎቹ የዋጋ ተቆጣጣሪ መስዬአቸው ሚዛናቸውን ይሰበስቡ ነበር።

"ተዉት!" ብላ ጮኸችላቸው ሴትዮዋ። "እጅ መሣል ያቃተው ልጅ ነው!"

ሾላ ሙሉ ሰማ። ከዚያ በኋላ ማንም አልፈራኝም፤ እንዲያውም የሥጋ ቆራጩም የጋሪ ገፊውም "የኔን ሣል" እያለ መዳፉን ይዘረጋልኝ ጀመር። እኔ ግን አብዝቼ የማየው የእሷን ነበር። አውራ ጣቷ ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለ ነው፤ የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ከጣቶቿ መሐል አይጠፋም፤ ከገዢ ጋር ስትከራከር ግራ እጇ ዝም ብሎ ተቀምጦ ቀኝ እጇ ብቻ ይሟገታል። አንዳንዴ የሣልኩትን ትነጥቀኝና ከእጇ ጎን አድርጋ ታስተያየዋለች። "ይህ የቄስ እጅ ነው" ትለኛለች። ወይም "ይህስ ሠርቶ አያውቅም።" አንድ ቀን ግን ወረቀቱን አየችና ምንም ሳትል መለሰችልኝ፤ እሷ ዘንድ ምስጋና ማለት ያ ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሁለተኛው ደብዳቤዋ መጣ። "ይድረስ ለሠዓሊው። አሁን ይሁን። ጆንያዬ ግን አብሮኝ ይሄዳል።"

የሠርጉን ገጽ በሳጥን አልከፋፈልኩትም፤ ሙሉውን አንድ ሥዕል አደረግኩት። ለአዘጋጁ በገባሁት ቃል መሠረት በሬ የለም፤ ዳቦና ጠላ ብቻ ነው ያለው። መሐል ላይ ባልቴቷና ዘበኛው ይጎራረሳሉ። አራት እጅ፣ ሁሉም ከነጣቱ ይታያል። ዙሪያውን የሞሉት እንግዶች አንባቢዎቹ ናቸው። መልካቸውን ስለማላውቅ ከጽሑፋቸው ገምቼ ነው የሣልኳቸው። የጎሬው አስተማሪ በመነጽር፣ አሰቦች ተቃቅፈው፣ የእንስሳት ሐኪሙ ዶሮዋን አቅፎ፣ የጅማዎቹ ባልና ሚስት በሠርጉም ላይ ሲከራከሩ። ወታደሮቹን ከሙሽሮቹ ጎን አደረግኳቸው፤ አንደኛው ይጨፍራል፣ ሌሎቹ ያጨበጭባሉ።

መጽሔቱ በወጣ በእሑዱ ቤታችን ትንሽ ግብዣ አደረግን። አዘጋጁ ቀለሙ ገና የሚሸት መጽሔት ታቅፎ መጣ። ሴትዮዋ አዲስ ሻሽ አስራ፣ ቀይ ሽንኩርት በዘንቢል ሞልታ መጣች፤ "የሙሽራ ስጦታ ነው" አለች ለባለቤቴ፣ "እኔ ነኝ የምሰጠው።" ረፋዱ ላይ ደግሞ ያልጠበቅነው እንግዳ በሩን ቆረቆረ። አንጋፋው ሠዓሊ ከናዝሬት በአውቶቡስ መጥተዋል፤ አድራሻውን ከደብዳቤው ፖስታ ላይ እያሳዩ ጠይቀው ነው ያገኙን። በአካል ስንገናኝ የመጀመሪያችን ነበር። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል ትከሻዬን ይዘው አነሡኝና እጃቸውን ዘረጉ። "ገጹን አምጣ።"

መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩ። አውሮፕላን አለፈ፤ እሳቸው አልሰሙትም፤ የሚንቀጠቀጠውን ብርጭቆ ብቻ አይተው ፈገግ አሉ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

"እጅ ነው" አሉኝ። ጣታቸውን ወደ ሥዕሉ ግርጌ አውርደው ጨመሩ። "እግሩን ግን ሁሉ ከገበታ ሥር ደብቀኸዋል።"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሴትዮዋ ከሁሉም በላይ ሳቀች፤ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላም "እግሩን ለሚቀጥለው ሠርግ አስቀምጦት ነው!" ብላ ጮኸች። ድምጿ ከሾላ ቦሌ ይሰማል ይባልላታል፤ እሳቸው ዘንድ ግን አልደረሰም። ጆሯቸውን አሳይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷም ባለቤቴን እርሳስና ወረቀት ጠየቀች፤ ገበታው ላይ ጎንበስ ብላም በትልልቅ ፊደላት መጻፍ ጀመረች። እኛ ሌላ ወሬ ይዘን ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን አጣጥፈው፣ እያንዳንዱ ፊደል እስኪቆም በትዕግሥት ይጠብቃሉ። አንብበው ሲጨርሱ ከት ብለው ሳቁ፤ እርሳሱንም ተቀብለው ከሥሩ መልስ ጻፉ። ከሰዓት በኋላ እስኪመሽ ድረስ ሁለቱን ከወረቀቱ ያነሣቸው አልነበረም።

ወታደሩ ሠርጉን በጣሳ ከበሮ መጨፈራቸውን ጻፈልኝ። ከዚያ አንድ ደብዳቤ ብቻ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ብጽፍለትም መልስ አልመጣም። ክፍሉ ተዛውሮ ይሆናል ትለኛለች ባለቤቴ። እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ባልቴቷና ዘበኛው ከተጋቡም በኋላ መጣላታቸውን አልተዉም፤ አንባቢም የሚፈልገው ያንኑ ነበር። በመጨረሻ ግን ወረቀት ጠፋ። መጽሔቱ መጀመሪያ ቀጠነ፤ ቀጥሎ በሁለት ወር አንዴ መውጣት ጀመረ፤ ኋላም ቀረ። በሾላና በናዝሬት መካከል ያለው ደብዳቤ ግን አልቆመም። ያወቅኩት ሴትዮዋ ቅዳሜ "ያንተ ወረቀት ወፍራም ነው፤ ጥቂት ስጠኝ" ስትለኝ ነው። እሳቸው ይሥሉላታል፤ እሷ ትጽፍላቸዋለች። ስለ ምን እንደሚጻጻፉ ስጠይቃት "ስለ ዋጋ፣ ስለ ልጆች፣ ስላንተም እንማከራለን" አለችኝ።

አንጋፋው ሠዓሊ ያረፉት በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ነው። ሦስታችን ናዝሬት ወረድን። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ የሟች ዘመድ የሆኑ አንዲት እናት ሴትዮዋን "አንቺ ምናቸው ነሽ?" ብለው ጠየቋት። ጥቂት አሰበችና "ጓደኛቸው ነኝ፤ በደብዳቤ" አለች። ልጃቸው ይህን ሰምታ ከተቀመጠችበት ተነሣችና አቀፈቻት። "ከሾላ የሚመጣው የአንቺ ነው? አባባ ፖስታውን ከእጄ ለመቀበል በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር" አለቻት። ሁለቱ ተያይዘው አለቀሱ።

ስንመለስ ሴትዮዋ አውቶቡሱ ውስጥ ከባለቤቴ ጎን ተቀመጠች። ደብረ ዘይትን ስናልፍ "እንግዲህ ለማን ልጽፍ ነው?" አለች።

"ለእኔ ጻፊልኝ" አለቻት ባለቤቴ።

"አንቺማ በየቅዳሜው ትመጪ የለ። ፊት ለፊቴ ለቆመ ሰው ምን ብዬ እጽፋለሁ?"

ባለቤቴ እጇን ያዘቻት። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመጣ ግን ዘንቢሏን አላነሣችም። ቤት ዋለች። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ። በሦስተኛው ሳምንት በመሥሪያ ቤቴ የፖስታ ሳጥን በስማችን የመጣ ፖስታ ይዤ ገባሁ፤ በዚህ ጊዜ ቴምብር አለው። እኔ ልከፍተው ስል ከእጄ ነጠቀችኝ፤ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብላም አነበበችልኝ።

"ይድረስ ለእኅቴ። ለምን ቀረሽ? አሞሻል ወይ? ጥሩ ነጭ ሽንኩርት ገብቷል፤ ለይቼ አስቀምጬልሻለሁ። ባልሽም ይምጣ፤ እርሳስ ይዞ።"